አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ቨርዥኑን አስጠይቁ

ባለፈው ሰሞን በረሆቮት ኪርያት ሞሼ ሰፈር አንድ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። የቤቱ እናት ተጨንቀው አገኘናቸው። «ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ ከክፍሉ አልወጣም። ኮምፒውተሩ አርጅቶበታል መሰለኝ፤ በታሽሉሚም አዲስ ልገዛለት ነው» አሉን።

ልጁ የሚማረው ማሽን ለርኒንግ ነው። በዕብራይስጥ «ቢና ሜላኹቲት» ከሚሉት ሙያ አንዱ ክፍል ሲሆን፣ ኮምፒውተር ከብዙ ምሳሌ እንዲማር ማሠልጠን ማለት ነው። የእሱ የቤት ሥራ የታመመን የቲማቲም ቅጠል ከጤነኛው በፎቶ መለየት ነበር። ኮዱን ያገኘው ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተዘጋጀ ትምህርት ነው። ሲያስነሳው ግን ቀይ ጽሑፍ ይወጣና ሥራው ይቆማል።

ጽሑፉን እንዲያነብልን ጠየቅነው። «ነምፓይ ውስጥ ‹ፍሎት› የሚባል የለም» ይላል።

ነምፓይ ላይብረሪ ነው። ላይብረሪ ማለት ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡት፣ ማንም በነፃ አውርዶ የሚጠቀምበት የፕሮግራም ክፍል ነው። አዘጋጆቹ በየጊዜው አዲስ ቨርዥን ያወጣሉ፤ አንዳንድ አሮጌ ስሞችንም ያስቀራሉ። ነምፓይ ይህን ስም እንደሚያስቀር በጥር 2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ቨርዥን 1.20 አስጠነቀቀ፤ በታኅሣሥ 2022 በቨርዥን 1.24 አስወጣው። በሰኔ 2024 ደግሞ ቨርዥን 2.0 ሲወጣ፣ ለቀድሞው ተብለው የተሠሩ ብዙ ላይብረሪዎች ካልታደሱ አብረውት መሥራት አቃታቸው።

እናቶቻችን ይህን ነገር ያውቁታል። በጤፍ የለመደ እጅ እዚህ አገር መጥቶ በስንዴ ዱቄት ሲጋግር፣ እንጀራው መጀመሪያ ዓይን አላወጣም። ባለሙያዋ አልተሳሳተችም፤ ምጣዱም አልተሰበረም። ዱቄቱ ስለተለወጠ ልኩም መለወጥ ነበረበት።

አዲስ ኮምፒውተር ቢገዛ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እሱም የመጨረሻውን ቨርዥን ያወርድና ያው ቀይ ጽሑፍ ተመልሶ ይመጣል። ገንዘቡ ግን ወጥቷል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ልጃችሁን እነዚህን ጠይቁ፦

1. የስህተቱ የመጨረሻ መስመር ምን ይላል? ብዙ ጊዜ ዋናው ምክንያት እዚያ ነው። «ማህደረ ትውስታ አልበቃም» ካለ ጉዳዩ የኮምፒውተሩ አቅም ሊሆን ይችላል። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ጉግል ኮላብን ይሞክር፤ ገደብ ቢኖረውም በነፃ ያሠራል። «እንዲህ የሚባል የለም» ካለ ግን ቨርዥኑን ይመርምር።

2. ኮዱ የተጻፈው በየትኛው ቨርዥን ነው? አንተስ የጫንከው የትኛውን ነው? ሁለቱ ካልተስማሙ ወይ ኮዱን ያድሳል፣ ወይ የቀድሞውን ቨርዥን ይጭናል።

3. ለዚህ ሥራ የተለየ ቦታ አዘጋጅተሃል? ፓይተን «ቬንቭ» የሚባል መለያ አለው፤ የአንዱ ሥራ ላይብረሪ ከሌላው እንዳይጋጭ ያደርጋል።

4. ሲሠራልህ ቨርዥኖቹን መዝግበሃል? «ፒፕ ፍሪዝ» የሚለው ትእዛዝ ዝርዝሩን ያወጣል። ያን ፋይል ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ አይቸገርም።

ከገንዘቡ ይልቅ እኛን ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው። ልጁ «እኔ ለዚህ ትምህርት አልሆንም» ብሎ ሊያቋርጥ ቆርጦ ነበር። ከተማችን ውስጥ የቫይዝማን የሳይንስ ተቋምና የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ አሉ። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ኮድ የሚጽፍ ሰውም ይህ ችግር ያጋጥመዋል፤ የሙያው የዘወትር ሥራ ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብም «ይህ ስህተት ገጠመኝ፣ ምክንያቱን እንዲህ አገኘሁት፣ እንዲህ ጠገንኩት» ብሎ የሚያስረዳ ወጣት በተግባር የሚያውቅ መሆኑ ይታወቅለታል።

ልጁ አሮጌውን ስም በአዲሱ ተካው፤ ሌላ ሁለት ቦታም አስተካከለ። ሦስተኛው ቡና ሳይወርድ ሥልጠናው ጀመረ። እናቱም የታሽሉሚሙን ወረቀት አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።