እግሩን የማይሰጠው ፈረስ

በናይሮቢው ዌስትላንድስ መሀል ቆሞ ፈረስ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ማታቱ የሚባለውን ሚኒባስና ቦዳ ቦዳ የሚባለውን የሞተር ብስክሌት ታክሲ ነው። የናይሮቢ ፈረሶች የሚኖሩት ራቅ ብለው፣ በካረን ግቢዎችና በንጎንግ መንገድ የውድድር ሜዳ አካባቢ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የናይሮቢ ፈረስ እንግዳ መምሰል የለበትም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለእንግሊዝ ሰፋሪዎች ከተሸጡት ፈረሶችና በቅሎዎች አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ በሞያሌ በኩል ተነድተው የመጡ ነበሩ።

የዛሬው የናይሮቢ ፈረስ ከገጠሩ ፈረሳችን በአንድ ነገር ይለያል፤ ቋሚ ጫማ አልባሽ አለው። ሰኮና በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። የገጠር ፈረስ ባዶ እግሩን ድንጋይ ለድንጋይ ሲሄድ ይፈገፍገዋል። ጋጣ ውስጥ የሚውለው ግን በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ካልተከረከመለት አቋሙ ይዛባል፣ ሰኮናው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለሙያው በዓመት ቢያንስ ስድስት ጊዜ ይመጣል። ፈረሱ ከፈራው ችግሩም በዓመት ስድስት ጊዜ ይመጣል ማለት ነው።

ሥራውን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ፍርሃቱን ለመረዳት አይቸገርም። የቆዳ ሽርጥ ያሸረጠ ሰው ከትከሻው ጀምሮ በእጁ እየዳሰሰ ይወርድና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲደርስ እግሩን ያነሳል። የፊት ከሆነ በሁለት ጉልበቶቹ መሀል ይቆልፈዋል፤ የኋላ ከሆነ ጭኑ ላይ ያጋድመዋል። ትርፉን ሰኮና በጉጠት ይቆርጣል፣ በቢላ ይጠርባል፣ በሞረድ ያስተካክላል። ከዚያ ብረቱ ይመጣል። አንዳንዱ እንደ ጋለ ሰኮናው ላይ ስለሚያሳርፈው ነጭ ጭስ እየተትጎለጎለ ወደ ፈረሱ አፍንጫ ይወጣል። ምስማሩ የሚመታው በውጭኛው ግድግዳ ነው፤ እዚያ ነርቭ ስለሌለ አያምም። ነገር ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ከሳተ ሕያው ሥጋ ይነካል። ፈረስ ያን ቀን አይረሳም። ሽርጡን፣ የመዶሻውን ድምፅ፣ የጭሱን ሽታ፣ አንዳንዴም የሰውዬውን መኪና ከሕመሙ ጋር አያይዞ ያስቀምጣል።

በዚህ ላይ ተፈጥሮው አለ። ፈረስ መዳኛው ሩጫ ነው። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለተቀመጡ ዙሪያውን ሊያይ ምንም ያህል አይቀረውም፤ የማያየው ልክ ከጭራው ኋላና ከግንባሩ ፊት ያለውን ትንሽ ቦታ ነው። የኋላ እግሩን የያዘ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ጥላ አጠገብ ጎንበስ ብሏል። አንድ እግሩን ተይዞ በሦስቱ መቆም ለፈረስ ማምለጫውን ለሰው አደራ እንደመስጠት ነው። እንዲያውም የሚገርመው የሚፈሩት መኖራቸው ሳይሆን ብዙዎቹ ዝም ብለው መቆማቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። እግሩን መንጭቆ ባስለቀቀ ፈረስ ላይ ግን ይህ ተረት አይሠራም፤ እሱ ያተረፈው ነገር አለ። ሲራገጥ ከተለቀቀ፣ መራገጥ እንደሚያስለቅቅ ተማረ። በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ይጀምራል፣ አጥብቆም ይራገጣል። ብዙ ሰው በንዴት አለንጋ ያነሳና ነገሩን ያብሳል፤ ፈረሱ ቀድሞ እግሩን መያዙን ብቻ ይፈራ ከነበረ፣ አሁን ግርፋቱም ተጨመረለት። መፍትሔው የሚለቀቅበት ቅጽበት ላይ ነው። እግሩ መሬት መንካት ያለበት ፈረሱ ጸጥ ባለበት ሰከንድ ነው፤ ያ ጸጥታ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰከንድ ብቻ ቢሆን እንኳ። ሊመነጭቅ ሲል ሳይሆን ገና ሳይሞክር ቀድሞ ዝቅ ማድረግ። ነገ ሁለት ሰከንድ፣ ከሳምንት በኋላ ግማሽ ደቂቃ።

ይህን የሚሠራው ደግሞ ጫማ አልባሹ አይደለም። እሱ ሰዓቱ ተቆጥሮ፣ ሌላ ጋጣ እየጠበቀው ነው የሚመጣው። ሥራው የፈረስ ጠባቂው ነው፤ ኬንያውያን ሳይስ የሚሉት ሰው፣ በየዕለቱ የሚያበላውና የሚቦርሸው። ጠባቂው እግሩን ማንሳት ካስለመደው በኋላ የሚያስፈሩትን ነገሮች አንድ በአንድ ያመጣል፤ ዛሬ ሽርጡን ብቻ፣ ሌላ ቀን በእንጨት ቁራጭ ሰኮናውን ቀስ አድርጎ ማንኳኳት፣ ሌላ ቀን ሞረዱን ማስሸተት። ካሮት ይረዳል። ጋማው የሚያበቃበትን የአንገት ሥር ማከክም ይረዳል፤ ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት እዚያ ላይ ሲሆን፣ ቦታው ሲታከክ የልብ ምታቸው እንደሚቀንስ ተለክቷል። ጫማ አልባሹ አንድ ቀን መሣሪያ ሳይዝ መጥቶ ፈረሱን አክኮለት ቢሄድ ከሁሉ የበለጠ ነበር፤ ባለቤቱ ለዚያ ቀን ልክ እንደ ሥራ ቀን ሊከፍለው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሐኪም ይምጣ። እግሩን የሚነሳ ፈረስ ሁሉ ፈሪ አይደለም። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሽማግሌ ፈረስ የኋላ እግሩ ከፍ ተደርጎ ሲያዝ ስለሚያመው ይነጥቃል። ለሱ ትዕግሥት ብቻውን መድኃኒት አይሆነውም፤ እግሩን ዝቅ አድርጎ መያዝ፣ ቶሎ ቶሎ ማሳረፍ፣ ሐኪሙ ካዘዘም ቀድሞ የሕመም ማስታገሻ መስጠት ያስፈልጋል።

ጊዜ የማይሰጥ ሲሆንስ? ጥንታዊው ዘዴ ላይኛውን ከንፈር በገመድ ቋጥሮ በዱላ ማጠንጠን ነው። ጭካኔ ይመስላል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1984 የደች ተመራማሪዎች ደሙን መርምረው ሰውነቱ ራሱ የሚያመነጨው ሕመም ማስታገሻ እንደሚጨምር፣ የልብ ምቱም እንደሚረጋጋ አሳይተዋል። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሲረዝም ውጤቱ ይገለበጣል። ጆሮን መጠምዘዝ ግን ከመጀመሪያውም ጭንቀት እንጂ ሌላ አያመጣም። እኔ ብሆን ሐኪም የሚሰጠውን የማረጋጊያ መርፌ እመርጣለሁ፤ ከንፈሩን የተቋጠረ ፈረስ ነገ አንገቱንም ማስነካት ሊያስጠላው ይችላል። መርፌ የተወጋም ቢሆን ድንገት ሊራገጥ ስለሚችል መዘናጋት የለም።

የሰውዬው መንፈስም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የስዊድን ጥናት ፈረስ ለሚመሩ ሰዎች ‘አሁን ዣንጥላ ይዘረጋል’ ብሎ ነገራቸው። ዣንጥላው ሳይዘረጋ ቀረ፤ ግን የሰዎቹ የልብ ምት ሲጨምር የፈረሶቹም አብሮ ጨመረ። ‘ዛሬ ይረግጠኛል’ ብሎ ተጨንቆ የሚቀርብ ሰው ወሬውን በገመዱ በኩል ለፈረሱ ያደርሰዋል።

እኛ ዘንድ ነገሥታት በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያልን እንኮራለን። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም ጥር 23 በመጣ ቁጥር እንጅባራን በግላስና በጋማ ያደምቃታል። ፈረስ ገበያ ስንወጣ ግን አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን፣ ትንሽ እናስሮጠዋለን፣ እንከራከራለን። ሻጩን ‘አራቱንም እግሮቹን ተራ በተራ አንሳልኝ’ ማለት አይለመድም። ለጋሪ ወይም ለከተማ አስፋልት ለሚገዛ ሰው ከጥርሱ ባላነሰ የሚጠቅመው ይህ ነው። ውርንጭላውም ከእናቱ ሳይለይ በየዕለቱ እግሩን ቢነካካ፣ ክብደቱ ገና ሰው የሚችለው ሳለ ትምህርቱ ያልቃል።