ሥራ፣ እናትነትና ዕረፍት

ገበሬ በሬዎቹን ከጧት እስከ ማታ ጠምዶ አይውልም። ፀሐይ ስትበረታ ይፈታቸዋል፤ ያጠጣቸዋል፤ ሣር ያስግጣቸዋል። ይህን የሚያደርገው ስለሚያዝንላቸው ብቻ ሳይሆን ነገም የሚታረስ መሬት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ ዕረፍት ማለት የዛለ አካልና የደከመ አእምሮ ኃይላቸውን መልሰው የሚያገኙበት ጊዜ ማለት ነው። ከስንፍና የሚለየውም በዚህ ነው፤ ሰነፍ ሥራን ይሸሻል፣ ዐራፊ ግን ለሥራ ይዘጋጃል። ይሁን እንጂ ለበሬ የሚታሰበው ዕረፍት በብዙ ቤቶች ውስጥ ለእናት ሲታሰብ አይታይም።

ለምሳሌ ያህል በከተማ የምትኖርና በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ እናት የዕለት ውሎዋን እንመልከት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ ቁርስ ታሰናዳለች፤ ልጆቿን አልብሳ ወደ ትምህርት ቤት ትሸኛለች። ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል፣ የምሳ ሰዓት ሳይቈጠር፣ 8 ሰዓት በሥራ ላይ ትውላለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ወጡ፣ ዕቃ ማጠቡና የሕፃኑ እንክብካቤ ይጠብቃታል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ስትተኛ 18 ሰዓት ነቅታ መዋሏ ነው። ለእንቅልፍ የሚተርፋት 6 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ለዐዋቂ ሰው ግን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። የምታጠባ እናት ብትሆን ደግሞ ያችው እንቅልፍ እንኳ ትቈራረጥባታለች። በገጠር የምትኖረው እናት ውሎም ከዚህ አይቀልም፤ ውኃ መቅዳቱና እንጨት መልቀሙ በእርሻው ሥራ ላይ ይጨመርባታል።

የዚህ ድካም መንሥኤ ምንድን ነው? ዋናው የቤት ውስጥ ሥራ እንደ ሥራ አለመቈጠሩ ነው። ደመወዝ ስለማይከፈልበት ድካሙ አይታይም፤ የማይታይ ድካምም ዕረፍት አይታዘዝለትም። ውጤቱ ግን ቤተሰቡን ሁሉ ይነካል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥቱ ያጥራል፤ አሳቡ ይበተናል፤ በሽታን የመቋቋም ኃይሉም ይቀንሳል። ልጅ «እናቴ ተቈጣችኝ» ብሎ ያዝናል እንጂ የቍጣዋ ምንጭ ድካም መሆኑን አይረዳም።

እናት ማረፍ እንደሚገባት ባህላችን ፈጽሞ አልዘነጋም። አራስ ስትሆን ጎረቤትና ዘመድ ገንፎና አጥሚት ያቀርቡላታል፤ ሥራዋንም ይሠሩላታል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናቲቱ ትታረሳለች። ሕግም ይህንኑ ያጠናክራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ለአባትም 3 ቀን ፈቅዷል።

ነገር ግን የአራስነቱ ወራት ያልፋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም የቤት ውስጥ ሥራን አያከፋፍልም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለውን ዕረፍት መደንገግ የሚገባው ቤተሰቡ ራሱ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ሥራው ቢከፋፈል ለማንም አይከብድም። አባት ልጆቹን ትምህርት ቤት ቢያደርስ፣ ወንዱም ሴቷም ልጅ ዕቃ ቢያጥቡና ቤት ቢጠርጉ፣ እናት በቀን አንድ ሰዓት ታተርፋለች። ይህችም አንድ ሰዓት በሳምንት 7 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ሙሉ ሌሊት እንቅልፍ ትሆናለች።

የእሑድ ቡናችንን እናስተውል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይጫወታል፤ ሁሉም ዐረፈ ይባላል። ሆኖም ቡናውን አጥባ የምትቈላው፣ የምትወቅጠው፣ ከአቦል እስከ በረካ የምትቀዳው፣ ሲኒውንም የምታጥበው እናት ናት። አንድ እሑድ ልጆች ቡናውን አፍልተው እናታቸውን ከእንግዶች ጋር ቢያስቀምጧት ልዩነቱን ከፊቷ ላይ ያነቡታል።

በመጨረሻም እናት ራሷ ዕረፍትን እንደ ጥፋት መቍጠር አይገባትም። ዘወትር የምትደክም እናትን አይቶ ያደገ ልጅ፣ እናትነት ማለት አለማረፍ ነው ብሎ ያምናል፤ ነገ ከሚስቱም ይህንኑ ይጠብቃል። ሥራን ተካፍሎ፣ ዕረፍትንም ተካፍሎ ያደገ ልጅ ግን የራሱን ቤት በዚያው መሠረት ላይ ያንጻል።