ምድጃ ያልገባ ብረት

ከፒያሳ ተነስቶ የሀብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ተሻግሮ ወደ መርካቶ የሚዘልቅ ሰው፣ ምናለሽ ተራ ሲደርስ የመዶሻ ድምፅ ይቀበለዋል። አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ እዚያ ተቀጥቅጦ የቤት ዕቃ ይሆናል። ያ ሁሉ ብረት አንድ ጊዜ በእሳት አልፏል። በምድር ቅርፊት ውስጥ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከኦክስጅን ጋር ተቆራኝቶ ስለሚገኝ፣ ቀላጮች በከሰልና በብርቱ ሙቀት ያላቅቁታል።

ሰው ይህን ጥበብ ሳያውቅም ብረት ይቀጠቅጥ ነበር። በግብፅ፣ ገርዘህ ከተባለ የመቃብር ሥፍራ የወጡ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ዶቃዎች ከሰማይ ከወደቀ ብረት የተሠሩ ናቸው። የንጉሥ ቱታንክሃሙን ጩቤም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ የኤክስሬይ ምርመራ 11 በመቶ ገደማ ኒኬል አግኝቶበታል፤ ይህን ያህል ኒኬል የሰማይ ብረት ምልክት ነው። ለዘመናት ስንንቀው የኖርነው የቀጥቃጭ ሙያ፣ በዕድሜ ከብረት ማቅለጥ ይበልጣል።

ከሰማይ የሚወድቀው ብረት ምንጭ ፀሐይን የሚዞሩ ትናንሽ አካላት ናቸው። አንዳንዶቹ ገና በጅምራቸው ውስጣቸው ቀለጠ፤ ከባዱ ብረትና ኒኬል ወደ መሐል ሰመጠ። ከዚያ የቀዘቀዘው በሚሊዮን ዓመት ጥቂት ዲግሪ ብቻ እየቀነሰ ስለሆነ፣ ሁለት ዓይነት የብረትና የኒኬል ቅይጥ ጎን ለጎን አደገ። ተቆርጦ፣ ተወልውሎ አሲድ ሲነካው እርስ በርስ የተሻገሩ መስመሮች ብቅ ይላሉ። ያን ያህል ዘመን የሚጠብቅ ምድጃ የለምና የትኛውም አንጥረኛ አይሠራውም።

በየካቲት 1973 ዓ.ም. ሐረርጌ፣ ጉርሱም ላይ የወደቀው፣ 34 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው ግን ድንጋይ ነው። የመጣበት አካል ቀልጦ ስላልተለያየ ብረቱ ወደ መሐል አልሰመጠም፤ በድንጋዩ ውስጥ ደቃቅ ፍንጣሪ ሆኖ እንደተበተነ ቀርቷል። እኔን ከንጉሡ ጩቤ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ዕድሜው ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋል።

ከድንበራችን ማዶ፣ በሶማሊያ ኤል አሊ፣ 15 ቶን የሚመዝን ከሰማይ የወደቀ ብረት ነበር። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ቢላ ይስሉበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዎች ከዚያ ብረት በተወሰደች ቁራጭ ውስጥ ከዚያ በፊት በተፈጥሮ ያልታዩ ማዕድናት ማግኘታቸውን አስታወቁ።

ከሰማይ የወደቀ የሚመስል፣ ጥቁር ስስ ቅርፊት ያለው፣ ለመጠኑ ከልክ በላይ የሚከብድ ድንጋይ ያገኘ ሰው ውስጡን ልብ ይበል፤ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ነው። ካልሆነ ሳያጥብና ሳያሞቅ በደረቅ ወረቀት ጠቅልሎ ለሥነ ምድር ባለሙያ ያሳየው። ማግኔት ግን አያስነካው፤ ድንጋዩ ከጥንት ይዞት የመጣውን የማግኔት አሻራ ያጠፋዋል። በኮምፓስ መርፌ መፈተን ይበቃል።