በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ስላለው ዱር

በደቡብ ጎንደር በታረሰው ሜዳ መካከል ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ዱር፣ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። አባቶች የእግዚአብሔር ቤት ጥላ ነው ብለው ስለ ጠበቁት፣ ጽዱና ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው እስከ ዛሬ ቆሟል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዱር መርምረው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ባቀረቡት ጽሑፍ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል።

ነገር ግን ከጥላው ገብቶ መሬቱን ያየ ሰው፣ በብዙ ስፍራ ሽማግሌ ዛፍ እንጂ ልጅ አያገኝም። የበቀለውን ችግኝ ከብት ይበላዋል፣ ይረግጠዋልም። የብዙዎቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን አይቆይምና፣ እናቲቱ ከወደቀች በኋላ ቢፈለግ አይገኝም። ሙቀት እየጨመረ በሄደበት በዚህ ዘመን ደግሞ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኘው የዱሩ ዳር አስቀድሞ ይደርቃል።

መድኃኒቱ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም። በአንዳንድ አጥቢያ ካህናትና ምእመናን ከእርሻ ድንጋይ ለቅመው ዱሩን በካብ አጥረዋል፤ ዱሩ ከከብት ሲድን እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ። ለገንዘብ ሲባል በአጸዱ ባሕር ዛፍ የሚተክሉም አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን መጠገኛ እንደሚያስፈልጋት ባይካድም፣ ባሕር ዛፉ ከካቡ ውጭ ቢሆን ይሻላል። ካቡም ችግኝ እንዲሰፋ ከዳሩ ዛፍ ጥቂት ርቆ ሊካብ ይገባል። ያ መሬት ግን የገበሬ ማሳ ወይም የመንደር ግጦሽ ነውና፣ የደብሩ አለቃና የወረዳው ሹም ከባለ መሬቱ ጋራ ሳይስማሙ አይፈጸምም።