ካርቡራተሩ ያላጠፋው ጥፋት

ቮልሷ ቤንዚን ቤንዚን መሽተት የጀመረችው ክረምቱ ሲገባ ነው። ጠዋት ቤተል ካለው ቤቴ ሳስነሳት ሦስት አራት ጊዜ ትስላለች፣ በማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ አየር ጤና ሳልደርስ ትጠፋለች። ካንዴላውን ስፈታው እርጥብ ነው። ጎረቤቴ፣ "ማደያ ከፈትክብን እንዴ?" አለችኝ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ካርቡራተሩን አጥቦ መለሰልኝ፤ ሳምንት አልቆየም። ሁለተኛው "ሌላ ግዛ" አለኝ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ገዛሁ፣ እሱም አፈሰሰ። ሁለት ካርቡራተር ተከታትሎ አንድ ዓይነት በሽታ ሲታመም መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ዕድሌን ስረግም ከረምኩ።

ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ያሉ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ያደረሰኝ ተስፋ መቁረጥ ነው። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ እንደሆነ ሳያነሱ የቮልስ ኮፈን አይከፍቱም።

"ጋሼ፣ ካርቡራተሩን ይቀይሩልኝ።"

"ቆይ እስቲ ልጄ። በሽታውን ሳናውቅ ምን እንቀይራለን?"

የአየር ማጣሪያውን አንስተው፣ ሞተሩ እየሠራ የካርቡራተሩን ጎሮሮ አሳዩኝ። ነዳጅ ሳይሰጠው ደረቅ መሆን ካለበት ቱቦ ቤንዚን ጠብ፣ ጠብ ይላል። ክዳኑን ፈተው ገለበጡትና በነዳጅ መግቢያው በአፋቸው ነፉ፤ መግቢያውን የምትዘጋው መርፌ አየር አላሳለፈችም። ተንሳፋፊውን በጣሳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ደፈቁት። ቀዳዳ ቢኖረው አረፋ ይወጣ ነበር፤ አንድም አልወጣም።

"ከፍታው ይሆን?" አልኩ፣ አዋቂ ለመምሰል። ኮልፌ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተመጠነ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። እሳቸው ግን ጭሱን እንጂ ጠብታውን አያመጣም አሉ። ሞተር ሲጠፋ ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ ካርቡራተር ውስጥ ያለውን ቤንዚን ሊያፈላውም ይችላል፤ ያ ግን የሞቀ መኪና በሽታ ነው። የእኔዋ የምታፈሰው በጠዋቱ ብርድ ነው።

ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ "ይህ ከመጀመሩ በፊት ምን ተነካ?" አሉ።

"ምንም። ብቻ ግንቦት ላይ የነዳጅ ፓምፑን ቀይረን ነበር።"

"ብቻ!" አሉና ካቻቢቴያቸውን ጥለው ቁልፍ አነሱ።

የቮልስ ፓምፕ የሚሠራው ከሞተሩ ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ በሚገፋው አጭር ዘንግ ነው። ፓምፑ ሥር የሚነጠፈው ጓርኒሲዮን ዘይት እንዳያፈስ ብቻ የተቀመጠ ይመስላል። ውፍረቱ ግን ዘንጉ ምን ያህል እንደሚገፋ፣ በዚያም ነዳጁ በምን ያህል ጉልበት እንደሚሄድ ይወስናል። ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ዘንጉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ማስመሪያ አቆሙ። 13 ሚሊሜትር መሆን ነበረበት፤ ከ14 አልፏል። ፓምፑን የቀየረው ሰው የድሮዎቹን ጓርኒሲዮኖች ትርፍ መስለውት ጥሏቸው፣ አንድ ቀጭን ብቻ አንጥፎ አሰረው። መርፌዋ በሯን ትዘጋለች፤ የሚገፋት ግን ከጉልበቷ በላይ ነው። ሁለት ካርቡራተር ያፈሰሰው ለዚህ ነው።

የጓርኒሲዮን ወረቀት ፓምፑ መቀመጫ ላይ ዘርግተው በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ቀጠቀጡት። መቀስ አላነሱም፤ የብረቱ ስለት ራሱ ወረቀቱን ቆረጠው። ሦስት ደራርበው አሰሩና ለኩ፦ 13። የድሮውን ካርቡራተሬን መለሱት፣ አስነሳን፣ ጎሮሮው ውስጥ በባትሪ አየን። ደረቅ።

ክፍያ ላወጣ ስል፣ "ገና ነው" ብለው የዘይት መለኪያውን መዘዙና አሸተቱት፤ ለእኔም ሰጡኝ። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ልኩንም አልፏል። ለወራት የፈሰሰው በሲሊንደሩ አልፎ እዚያ ወርዷል። ሁለት ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት ገዝቼ እስክመለስ አሮጌውን አውርደው ጠበቁኝ። የሶማሌ ተራውን ካርቡራተር ምን ላድርገው አልኳቸው።

"መልሰህ ሽጠው። በሽታ የለበትም።"