የፓርኪንሰን መድኃኒት ሲቀየር ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ አንዱ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ እናቴ ፓርኪንሰን አለባት። የለመደችው መድኃኒት ጠፍቶ ሌላ ሰጡን፤ ከዚያ ወዲህ ደህና አይደለችም። ብታቆመው ይሻላል?»

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ በራሳችሁ ውሳኔ በፍጹም እንዳታቆሙት። ለምን እንደሆነ አብረን እንይ።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

በፓርኪንሰን የሚጎዱት አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያመርቱ ሕዋሳት ናቸው። ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ዶፓሚንን ራሱን ብንወስደው ወደ አንጎል አያልፍም። ሌቮዶፓ ግን ያልፍና እዚያ ወደ ዶፓሚን ይቀየራል። ካርቢዶፓ ደግሞ አጃቢው ነው፤ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ ሌላ የሰውነት ክፍል ላይ እንዳይባክን ይጠብቀዋል፣ ማቅለሽለሽንም ይቀንሳል።

በሽታው በዓመታት ውስጥ ስለሚለወጥ ሐኪሙ መጠኑን ወይም ሰዓቱን መቀየሩ የተለመደ ነው። መጀመሪያ በቀን 3 ጊዜ የሚበቃው ሰው፣ ከዓመታት በኋላ የሚቀጥለው ክኒን ሰዓት ሳይደርስ እጁ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ይሄ የሚሆነው አንጎል ዶፓሚን የማጠራቀም አቅሙ ስለቀነሰ ነው። ስለዚህ «መድኃኒቱ ተለወጠ» ሲባል «ከእንግዲህ ተስፋ የለውም» ማለት አይደለም።

እሽጉ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ

በቅርቡ አንድ ወጣት አባቱን ይዞ መጣ። አባት ለሦስት ዓመት ሌቮዶፓ 100 ካርቢዶፓ 25 የሚለውን በቀን 3 ጊዜ እየወሰዱ ደህና ነበሩ። እሱ ከገበያ ሲጠፋ 250/25 የሚል ተገኘ። ቤተሰቡም «ግማሽ ግማሹን ይውሰዱ» ብሎ ወሰነ። ሌቮዶፓው ከ100 ወደ 125 ከፍ አለ፤ ብዙም ልዩነት የለውም። ካርቢዶፓው ግን ከ25 ወደ 12.5 ወረደ። በቀን ሲደመር 75 ሚሊግራም የነበረው 37.5 ሆነ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው በቀን ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ያስፈልገዋል።

አባት ማቅለሽለሽ ጀመራቸው፣ ምግብ ቀነሱ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ አዙሯቸው ወደቁ። ለማቅለሽለሹ ደግሞ ከሰፈር ፋርማሲ ፕላዚል ተገዛላቸው። ፕላዚል አንጎል ዶፓሚንን እንዳይጠቀም ስለሚከለክል መገተሩ ጭራሽ ባሰባቸው። ልጁ «ዶክተር፣ መድኃኒቱ መርዝ ሆነበት፤ ብናስቆመውስ?» አለኝ። ፕላዚሉን አስቁመን፣ ነርቭ ሐኪማቸው ጋር ደውለን ማዘዣው ተስተካከለ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አባት ወደ ክፍሉ የገቡት ልጃቸውን ሳይደገፉ ነው።

ከውጭ ዘመድ የሚልክላችሁም ተጠንቀቁ። ማዶፓር 250 የሚለው ውስጡ ያለው ሌቮዶፓ 200 ነው፤ ቀሪው 50 ቤንሰራዛይድ የሚባል ሌላ አጃቢ ነው። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነትም ከተለመደው ጋር ቁጥሩ ቢመሳሰልም እኩል አይሠራም። እሱን አትፍጩት፣ አታኝኩት።

በድንገት ማቆም ለምን ያስፈራል?

ሌቮዶፓ በአንዴ ሲቋረጥ በቀናት ውስጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከባድ የጡንቻ መገተር እና መቃዠት ሊመጣ ይችላል። ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ድንገተኛ ሕመም ነው። ትራይሄክሲፌኒዲል (ብዙዎቻችሁ አርቴን የምትሉት) አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ አረጋውያን ላይ ደግሞ የመርሳት እና የሽንት መከልከል ችግር ያመጣል። እሱም ቢሆን የሚቆመው በሐኪም ትዕዛዝ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

መድኃኒቱ ከተቀየረ በኋላ ምን እናድርግ?

1. የድሮውንም የአዲሱንም እሽግ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ፋርማሲ ስትሄዱ «ቢጫዋ ክኒን» ከማለት ፎቶውን አሳዩ።

2. ሰዓቱን አረጋግጡ። ማዘዣው ላይ 8:00 ካለ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ስልካችሁ ላይ አላርም ስትሞሉ ይሄን እንዳትዘነጉ።

3. ክኒኑን ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከ1 ሰዓት በኋላ ስጡ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ እና ምስር ፕሮቲን ስላላቸው ሌቮዶፓ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይሻሙታል። ካቅለሸለሸ በትንሽ ደረቅ ዳቦ መውሰድ ይቻላል። የብረት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱን አራርቁት።

4. የሚጾሙ ከሆነ የጠዋቱን ክኒን ዝም ብለው እንዳይዘሉት። ከጾሙ በፊት ከሐኪሙም ከሃይማኖት አባትም ጋር ተነጋገሩ።

5. ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፦ ክኒኑ ስንት ሰዓት ተወሰደ፣ ስንት ሰዓት ላይ ሰውነት ተፍታታ፣ ስንት ሰዓት ላይ ተመልሶ ታሰረ፣ ያለፈቃድ መወዛወዝ ነበር ወይ? የአንድ ደቂቃ ቪዲዮም ቅረጹ። ቀጠሮ ላይ «አልተስማማውም» ከሚለው ቃል ይልቅ ይሄ ማስታወሻ ለሐኪሙ በጣም ይጠቅመዋል።

6. ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። ግፊት ተቀምጠውም ቆመውም ለኩላቸው።

7. ክኒኑ የሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ፍለጋ ጀምሩ። የመጨረሻዋን ክኒን አትጠብቁ። ካጣችሁ ለሐኪሙ ደውሉ፤ የሚተካውን መጠን እሱ ያስላ።

ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም የምትነግሩት

የሌለ ሰው ወይም ነገር ማየት፣ ደጋግሞ መውደቅ፣ ለመዋጥ መቸገር። ፕራሚፔክሶል የጀመሩ ሰዎች ላይ ድንገት እንቅልፍ መጣል፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ ቁማር እና ገንዘብ መበተን ከታየ አታፍሩ፣ ተናገሩ። የጸባይ ብልሹነት አይደለም፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ሊሆን ይችላል።

ትኩሳት ከከባድ መገተር እና ከመቃዠት ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ስትደርሱም «ፓርኪንሰን አለባቸው፣ መድኃኒታቸው ተቋርጧል» ብላችሁ ቶሎ ተናገሩ።

ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ ምክር ስለሆነ የግል ሐኪማችሁን አይተካም። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው የሚያስታምም ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት፤ ዛሬ ማታ ክኒኑን ሲሰጥ እሽጉን ገልብጦ ቁጥሩን ያንብብ።

ጤና ይብዛላችሁ!