ዓሣ ማባበያውን በምን ይለያል?

በመንጠቆ ላይ የሚሰካ ማባበያ ዓሣውን የሚስበው በመልኩ፣ በሽታው ወይም በእንቅስቃሴው ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሚበልጥ የሚወስነው በአብዛኛው ውሃው ነው። ከጮቄ ተራራ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አባይ የሚወርደው ጨሞጋ በበጋ ይጠራል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የደጋውን አፈር ጠርጎ ይደፈርሳል። ከይጁቤ በታች ባለው የአባይ በረሃም ውሃው እንደዚሁ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። በጠራ ውሃ ፌንጣ ወይም የመሬት ትል ከሩቅ ይታያል። በድፍርስ ውሃ ግን ዓይን ብዙ አይረዳም።

ያን ጊዜ የሚሠራው አፍንጫ ነው። የዓሣ አፍንጫ ለማሽተት እንጂ ለመተንፈስ አያገለግልም። ከደም፣ ከጉበትና ከአንጀት እየሟሙ የሚወጡ አሚኖ አሲዶችን እጅግ ቀጥነውም ቢሆን ይለያል። ስለዚህ በክረምት የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት ከፌንጣ ይመረጣል፤ ውሃ አጥቦት ሽታው ሲያልቅም ወዲያው መቀየር አለበት።

አምባዛ ለዚህ የተፈጠረ ዓሣ ነው። በአፉ ዙሪያ ያሉት አራት ጥንድ ጢሞች ጣዕም በሚለዩ ሕዋሳት የተሞሉ በመሆናቸው፣ ጭቃውን እየዳሰሰ ሳይጎርስ ይቀምሳል። ሌሎች እንስሳት ከሰውነታቸው የሚያመነጩትን ደካማ ኤሌክትሪክ እንኳ በቆዳው ይሰማዋል። የሚያድነው ይበልጥ በሌሊት ስለሆነ፣ ሽታው የከረረ ሥጋ ወለሉ ላይ ማሳረፍ ነው የሚያዋጣው። ቀረሶ ግን ከዚህ ፈጽሞ ይለያል፦ በቀን ይመገባል፣ አፉ ትንሽ ነው፣ ዋና ምግቡም ደቃቅ አልጌ ነው። ለእሱ ትንሽ መንጠቆና በጣት የተድቦለቦለ ሊጥ ይበቃል።

ነጭ ዓሣ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አንድ ዓሣ አይደለም። በጣና ሐይቅ ብቻ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ 8ቱ ሌሎች ዓሦችን እየበሉ ይኖራሉ። ይህ በእጅጉ የሚያስደንቅ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውምና፣ የዋጡትን የሚያደቁት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። ትል የሚለቅሙትን በትል፣ ዓሣ በሎቹን በትንንሽ ዓሣ ማባበል ግድ የሚሆነውም ምግባቸው እንዲህ ስለሚለያይ ነው።

የውሃው ሙቀትም ሊዘነጋ አይገባም። የዓሣ ገላ እንደ ውሃው ይሞቃል፣ እንደ ውሃውም ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የሰውነቱ ሥራ በግምት እጥፍ ይሆናል። ሐይቃቸው በብርድ ወራት በረዶ በሚሆንባቸው እንደ ፊንላንድና ካናዳ ባሉ አገሮች፣ ዓሣ አጥማጆች በረዶውን ቀድደው መንጠቆ ያወርዳሉ። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የሐይቁ ወለል ከበረዶው ሥር ሳይረጋ ይቆያል። በዚያ ብርድ የዓሣው ምግብ የሚፈጨው በዝግታ ነው፤ ትልቅ ጉርሻ አሳድዶ አይዝም። ማባበያው የሩዝ ፍሬ የምታህል የዝንብ ትል ትሆናለች፣ እሷም በቀጭን ገመድ ብዙ ሳትንቀሳቀስ ትንጠለጠላለች። ጣና በረዶ ሆኖ አያውቅም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። በደጋ ጅረት በማለዳ ትንሽና ዝግ ያለ ማባበያ፣ በሞቃቱ የአባይ በረሃ ደግሞ ትልቅና የሚንቀሳቀስ ይሻላል።

ዓሣ ለመያዝ ውሃ ውስጥ የሚበተን የተፈጨ የብርብራ ፍሬ ግን ከማባበያ ሊቆጠር አይገባውም። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የዓሣው ሕዋሳት በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ስለሚያግድ፣ ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ይፈጃል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች በርካቶቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ከጣና ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ወቅት በወንዞቹ መግቢያ ብርብራም ሆነ መረብ መጣል መቆም አለበት።